«ለእኔ ሠርቶልኛል!»

ስድስት ኪሎ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ብዙም በማይርቅ አንድ ቡና ቤት፣ ጠዋት ጠዋት ማኪያቶ የምንጠጣ አምስት ወዳጆች ነን። አንዱ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ፤ አንዱ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፤ አንዱ የሕግ ሰው፤ አምስተኛው እኔ ነኝ። ልብ በሉልኝ፣ ከአምስታችን አንድም ሐኪም የለም። ይሁንና በዚያች ጠረጴዛ ላይ በአንድ ጠዋት የሚታዘዘውን መድኃኒት አንድ ጤና ጣቢያ በሳምንት አያዘውም።

ነገሩ የጀመረው እጅጌዬን በመሰብሰቤ ነው። ከክርኔ በላይ ሳንቲም የምታክል ክብ ነገር ወጥታብኝ ነበር። ዳር ዳሯ ቀላ ብሎ ቅርፊት የያዘ፣ መሐሏ ጠፋ ያለ። ታሳክካለች። እኔ እንኳ ከቁም ነገር አልቆጠርኳትም ነበር። መምህሩ ግን መነጽሩን አወረደና፣ «ምንድነው ይሄ?» አለ። ከዚያ በኋላ ክንዴ የእኔ መሆኑ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ የጋራ ጉዳይ ሆነ።

አንዱ «ጭርት ነው» አለ። ሌላው «የለም፣ ችፌ ነው» አለ። ሦስተኛው «ሸረሪት ሸንቶብህ ነው» ብሎ ፈረደ። ምርመራው ሳያልቅ ሕክምናው ተጀመረ። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጬ እንዳስርበት ተመከርኩ። ሬት እንድቀባ ተመከርኩ። ጠዋት ከሰው ሳልነጋገር ምራቄን እንድቀባው የመከረኝ የሕግ ሰው የሆነው ወዳጃችን ነው። በመጨረሻ ነጋዴው እጁን አወናጨፈ።

«ተዉት እባካችሁ! እኔ ብብቴ ሥር ወጥቶብኝ ይህችን ቅባት ተቀባሁ፤ በሦስት ቀን ድራሹ ጠፋ። ለእኔ ሠርቶልኛል!»

ስሟን በሶፍት ላይ ጻፈልኝ።

ሶፍቱን ይዤ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ልጅ ለምን እንደፈለግኳት አልጠየቀኝም። ማን እንዳዘዘልኝም አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ትልቁን ነው ትንሹን?» ትልቁን አልኩ። ሰው መቼም ለገዛ ቆዳው አይሰስትም።

ሠራ! በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ቆመ። በሳምንቱ ቅላቱ ጠፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ከታካሚነት ወደ ምስክርነት ተሸጋገርኩ። ክንዱን የሚያክ ሰው ባየሁ ቁጥር የቅባቷን ስም እነግረው ጀመር። ታክሲ ውስጥ ሳይቀር።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ጥሩ ብለዋል። ቆዳ ግን ልደብቀው ቢሉትም አይደበቅም። ጨጓራህን ቢያምህ አንተና ጨጓራህ ታውቃላችሁ። ፊትህ ላይ ሁለት ብጉር ከወጣ ግን፣ ከደጃፍህ ተነሥተህ ታክሲ እስክትይዝ ሦስት ሐኪም ታገኛለህ። ለብጉር የጥርስ ሳሙና፣ ለማድያት ሎሚ፣ ለጭርት ነጭ ሽንኩርት... ዝርዝሩ አያልቅም። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን አቃጥሎ የባሰ ጥቁር ምልክት እንደሚተው፣ ማድያትን ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚያባብሰው ያው ፀሐይ መሆኑን ግን ሎሚውን የሚያዝልህ ሰው አይነግርህም።

የጥንቱ ምክር ቢያንስ አቅሙ የታወቀ ነበር። ሬትም ሆነ ዳማከሴ ከጓሮ ነው የሚቆረጠው፤ ብዙ ባይጠቅም ብዙ አያጠፋም ብለን እንለፈው። የዛሬው ምክር ግን ከፋብሪካ የወጣ፣ ብርቱ ኬሚካል ያለበት፣ በካርቶን የታሸገ ነው። ምክሩ የሰፈር፣ መድኃኒቱ የሆስፒታል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ይኸውላችሁ፣ በእኛ ግቢ የምትኖር አንዲት ልጅ አለች። እናቷ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ ይሸጣሉ። እሷ እዚሁ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበረች። ዝምተኛ፣ ጎበዝ ልጅ። ግንባሯና ጉንጯ ላይ በዕድሜዋ የሚወጣው ብጉር ወጥቶባት ነበር። ሌላ ምንም የለባትም።

አንድ እሑድ እናቷ ቡና ጠርተውን ተሰበሰብን። አቦሉ ሲቀዳ አንዲት ጎረቤት «ውይ፣ ይህቺ ልጅ ፊቷ ምን ሆነ?» አሉ። በቶናው ሌላዋ፣ ብጉር የሚመጣው ከቅባት ምግብ ነው ብለው አስረዱ። በበረካው ሦስተኛዋ፣ ስታገቢ ይጠፋል ብለው ሳቁ። ልጅቱ ረከቦቱን እያየች ዝም አለች። አሁን ሳስበው፣ ብጉሩ አንድም ቀን አሞኛል ስትል አልሰማኋትም። ያመማት የእኛ ጥያቄ ነበር።

እኔ ያን ጊዜ አዘንኩላት። አዝኜም ዝም አላልኩም። ከቤቴ ሄጄ ከትልቁ ቱቦ የተረፈውን አመጣሁላት።

«ይህችን ማታ ማታ ተቀቢ» አልኳት። «ለእኔ ሠርቶልኛል!»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለችኝ። በሁለት እጇ ነው የተቀበለችኝ።

ሠራላት! በሁለት ሳምንት ፊቷ ጠራ። እናቷ በአደባባይ መረቁኝ። ከብጉሩ መጥፋት በላይ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ቆዳዋ ፈካ አለ። «ቀላ ብለሻል እኮ!» ይሏት ጀመር። ያቺ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ልጅ ቀና አለች። ቱቦው ሲያልቅ ሌላ ገዛች። ሁለተኛው ሲያልቅ ሦስተኛ።

በዚህ መሐል የእኔ ክንድ ጉዳይ አላለቀም ነበር። ቅባቱን ባቆምኩ በሁለተኛው ሳምንት ክቧ ተመለሰች። ያውም ብቻዋን አይደለም። ስቀባ ትጠፋለች፤ ሳቆም ትመጣለች፤ በመጣች ቁጥር ሰፍታ ነው። በሦስተኛው ወር ከክርኔ ተነሥታ ትከሻዬ ደረሰች። መልኳም ተለወጠ። ዳሯ የታወቀ ክብ መሆኗ ቀርቶ እዚህም እዚያም የተበታተነ ሽፍታ ሆነች። እኔ ግን ምስክርነቴን አልሰረዝኩም። ሰው የመሰከረለትን ነገር ቶሎ አይክደውም።

ልጅቱን ደግሞ ፀሐይ ያቃጥላት ጀመር። ጉንጯ ቀልቶ አልመለስ አለ። ጠጋ ብለው ሲያዩት እንደ ክር የቀጠኑ የደም ሥሮች ይታያሉ። ከጆሮዋ ሥር ጠጉር መብቀል ጀመረ። በአፏ ዙሪያ ሁሉም አንድ መጠን ያላቸው ደቃቅ እብጠቶች ወጡ። ፈርታ ቅባቱን ስታቆም በሦስተኛው ቀን ፊቷ ያብጣል፣ ይነድዳል። ስትቀባው ይተኛል። ስለዚህ ትቀባለች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍና መሄድ ያዘች። ኋላም ክፍል መግባት አቆመች።

አንድ ምሽት እናቷ በሬን አንኳኩ። ሊቆጡኝ የመጡ መስሎኝ ደነገጥኩ። አልተቆጡኝም። በሩ ላይ እንደቆሙ፣ «ጋሼ፣ ያቺኛዋ አልተስማማቻትም መሰል። እስቲ የምትሻል የሌላዋን ስም ይንገሩን» አሉኝ።

ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ! ያቃጠልኳትን ልጅ ይዘው ሌላ ምክር ሊጠይቁኝ መጡ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ልጅቱን፣ እናቷንና ክንዴን ይዤ አለርት ሄድኩ። ከስድስት ኪሎ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ዘነበወርቅ። ለታክሲው ረዳት «ዘነበወርቅ» አልነው እንጂ «አለርት» አላልነውም። እናንተም ታውቁታላችሁ። አለርት በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማከሚያና የባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ ነው የተቋቋመው። ዛሬ የአገሪቱ ዋነኛ የቆዳ ሕክምና ቦታ ሆኖ፣ ማድያቱም ጭርቱም የሚታከመው እዚያው ነው። እኛ ግን እስካሁን ስሙን ስንጠራ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። የቆዳ ሐኪም ያለበትን ቦታ እያፈርን፣ የቆዳ ሐኪም የሌለበትን ቡና ቤት እንሞላለን።

ተራ ጠብቀን ገባን። ሐኪሟ ወጣት ናት። «ምን ሆነሽ ነው?» አላለቻትም። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ምን ተቀባሽ?» የሚል ነበር። ልጅቱ ከቦርሳዋ ባዶውን ቱቦ አወጣች። ሐኪሟ አገላብጣ አየችውና፣ «ማነው ያዘዘልሽ?» አለቻት። ልጅቱ ወለሉን አየች። እናትየው ግድግዳውን አዩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሐኪም ነዎት?»

«አይደለሁም... ጋዜጣ ላይ እጽፋለሁ።»

ሐኪሟ አልሳቀችም። እኔም መቀለዴ አልነበረም።

ቱቦው ውስጥ የነበረው ክሎቤታሶል የሚባል ነው። ስቴሮይድ ከሚባሉት ቅባቶች በጣም ብርቱው መደብ ውስጥ ነው። የዚህ ዘር የመጀመሪያው፣ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ለቆዳ ሕመም መሥራቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። በጊዜው ተአምር ነበር፤ ለቁጣና ለችፌ ዛሬም ትልቅ መድኃኒት ነው። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ግን ከአባታቸው በመቶዎች እጥፍ የበረቱ ሆነው ተወለዱ። ክሎቤታሶልን ሐኪም ሲያዝ እንኳ በአብዛኛው ከሁለት ሳምንት እንዳያልፍ፣ በሳምንት ከ50 ግራም እንዳይበልጥ ያስጠነቅቃል። ፊት ላይ፣ ብብት ሥርና ብሽሽት ላይ ደግሞ አይቀባም፤ እዚያ ቆዳው ስስ ነውና። ለመጠኑም ልክ አለው። ከቱቦው ወጥቶ ከጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የሚደርስ መስመር ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ይበቃል። እኔ እንደ ቅቤ ነበር የምለቀልቀው።

ታዲያ ለምን «ሠራ»? ነገሩ እንዲህ ነው። ሌሊት ውሻ ሲጮኽ ሌባ መጥቷል ማለት ነው። ቅላቱ፣ እብጠቱ፣ ማሳከኩ የሰውነታችን ውሻ ጩኸት ነው። ይህ ቅባት ውሻውን ዝም ያሰኘዋል። ግቢው ጸጥ ይላል፣ ባለቤቱ እፎይ ብሎ ይተኛል። ሌባው ግን እቤት ውስጥ ነው።

የእኔ ሌባ ፈንገስ ነበር። ሐኪሟ ክንዴን በምላጭ ፍቃ፣ ፍቅፋቂውን ብርጭቆ ላይ አድርጋ በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። ቀላሉ ጭርት። ገና ሳንቲም ባከለ ጊዜ በዊትፊልድ ወይም በክሎትሪማዞል ቅባት በጥቂት ሳምንት ይድን ነበር። ስቴሮይድ ስቀባው ግን መከላከያዬን አስተኝቼ እሱን ቀለብኩት። ሁለት እንግሊዛውያን ሐኪሞች ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1968 ጽፈውበት «ቲኒያ ኢንኮግኒቶ» ብለው ሰይመውታል። ማንነቱን የደበቀ ጭርት እንደማለት ነው። ህንድ ውስጥ ስቴሮይድ፣ የፈንገስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ በአንድ ቱቦ የተቀላቀለባቸው ቅባቶች እንደ ከረሜላ ሲቸበቸቡ ቆይተው፣ በቀላሉ የማይድን ጭርት አገሩን አዳረሰ። የቆዳ ሐኪሞቹ ጮኹ፤ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙዎቹ ስቴሮይድ ቅባቶች ያለ ማዘዣ እንዳይሸጡ ደንብ አወጣ።

ደንቡ እኛም ዘንድ አለ። እንዲህ ያለው ብርቱ ቅባት እዚህም በሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ነው። ደንቡ አይደለም የጎደለን። «ትልቁን ነው ትንሹን?» ከማለቱ በፊት «ማዘዣ አለዎት?» የሚል አንድ ሰው ነው የጎደለን። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ልጁ ማዘዣ ቢጠይቀኝ ኖሮ ተቆጥቼ ከጎኑ ወዳለው መድኃኒት ቤት እሄድ ነበር። እሱም ይህን ያውቃል። ገበያው እኔ ነኝ።

«በቆዳ በሽታ የሞተ አለ እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም እል ነበር። እስቲ ሦስት ነገር ልንገራችሁ።

ነጣ ያለ ምልክት ቆዳ ላይ ሲወጣ ሁላችንም «ቋቁቻ ነው» እንላለን። ብዙ ጊዜም ነው። ነገር ግን ያ ምልክት በጥጥ ሲነኩት የማይሰማ ከሆነ ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። ሥጋ ደዌ ዛሬ በነፃ በሚሰጥ የ6 ወይም የ12 ወር መድኃኒት ይድናል። ነርቭን ጎድቶ ጣትን ካጣመመ በኋላ ግን፣ በሽታው ቢድንም የተጣመመው እንደ ቀድሞው አይመለስም። እንግዲህ «ለእኔ ሠርቶልኛል» ተብሎ በቅባት የሚያልፈው ወር የጣት ዋጋ ያለው ወር ነው።

ሁለተኛው ቁንጭር ነው። በደጋው አገራችን ሽኮኮ በሚኖርበት ገደል አካባቢ፣ በትንሽ የአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣው፣ ጉንጭና አፍንጫ ላይ ወራት የሚቀመጠው ቁስል። ይህንንም በየሱቁ ቅባት ሲያባብሉት ከርመው ጠባሳው ፊት ላይ ከተጻፈ በኋላ ሐኪም ቤት የሚደርሱ አሉ።

ሦስተኛው እከክ ነው። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ አማራ ክልል ውስጥ እንደ ወረርሽኝ ሆኖ ብዙ ሕዝብ ያሠቃየው። ስቴሮይድ ተቀባበት፣ ማሳከኩ ይቀንሳል። ተባዩ ግን ከቆዳህ ሥር ይራባል፤ አልጋ የምትጋራቸው ልጆችህም ይወርሱታል። መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ለቤተሰቡ በሙሉ ካልተሰጠ ዋጋ የለውም። ይህን የትኛው ቡና ቤት ነው የሚነግርህ?

ወደ ልጅቱ ነገር ልመለስ። ብጉሯን ብቻ ለማጥፋት ብትቀባ ምናልባት ቶሎ ታቆም ነበር። ያላስቆማት «ቀላ ብለሻል» የሚለው ሙገሳ ነው። እዚህ ላይ ሁላችንም እንጠየቅ። ስለ ጠይም ቆንጆ ስንዘፍን እንውላለን፤ ልጃችን ስትወለድ ግን የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ቀይ ናት?» የሚል ነው። ሰው ለሰው የሚሰጠው ሙገሳ «ጠራህ፣ ቀላህ፣ ፈካህ» ሆኗል። ይህን የሰማ ነጋዴ አይተኛም። የሚያቀላ ክሬም በየሱቁ ተደርድሯል፤ አንዳንዱም ስም በሌለው ብልቃጥ ተቀላቅሎ ይሸጣል። እንዲህ ባሉ ክሬሞች ውስጥ በየአገሩ ሲመረመሩ የሚገኙት ያው ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን፣ አልፎ አልፎም ሜርኩሪ ናቸው። ሃይድሮኪኖንን በራስ ፈቃድ ለዓመታት የተቀባ ሰው ሊነጣ ፈልጎ ሰማያዊ የሚመስል ጥቁረት ሊያተርፍ ይችላል። ሜርኩሪው ደግሞ ቆዳን አልፎ ኩላሊትን ይጎዳል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ደንብ ሃይድሮኪኖንን ከመዋቢያ አስወጥታለች፤ ጋና በ2016 ተከትላለች። ሜርኩሪንም የሚናማታ ስምምነት ከልክሎታል። ስሙ ራሱ «ፌር» የነበረው የታወቀው ክሬም እንኳ በ2020 «ግሎው» ተብሎ ስሙን ቀየረ። የእኛ ሙገሳ ግን ስሙንም ጠባዩንም አልቀየረም።

ፍርዴ አንድ ወገን እንዳይሆን ይህንንም ልበል። ሰው ጎረቤቱን የሚጠይቀው ስለሚንቅ ብቻ አይደለም። የቆዳ ሐኪም ጥቂት ነው፤ ያለውም በአብዛኛው ከተማ ነው። የወሎ ገበሬ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለመድረስ የቀን ሥራውን ይተዋል፤ የትራንስፖርት ይከፍላል። የሽሮ ሜዳዋ ነጋዴ ሱቋን ዘግታ ተራ ስትጠብቅ የምታጣው ገቢ ከቅባቱ ዋጋ ይበልጣል። በዚህ ላይ ደሃ አንድ ሰው ጠይቆ ሁለት ቃል ምክር ማግኘቱ ነውር አይደለም። ነውሩ የእኛ የመካሪዎቹ ነው። ሐኪም ቢሳሳት መዝገብ አለው፣ ስም አለው፣ ፈቃዱን የሚነጥቀው መሥሪያ ቤት አለው። እኔ ስሳሳት ግን ምን አለብኝ? ማኪያቶዬን ጠጥቼ ሒሳብ ከፍዬ እሄዳለሁ። ክፍያውን ልጅቱ በፊቷ ትከፍለዋለች።

ከአለርት በተመለስኩ ማግሥት ቡና ቤቱ ሄጄ ነጋዴውን አፋጠጥኩት።

«ለመሆኑ ያቺን ቅባት ከተቀባህ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ኧረ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው» አለኝ በኩራት።

«አልዳንክም እንዴ ታዲያ?»

«ድኛለሁ እንጂ! ብቻ ካቆምኳት ይመለሳል። ስለዚህ አላቆማትም።»

መምህሩ ስኒውን አስቀመጠ። ጠረጴዛው ዝም አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልዳነ ሰው «ሠርቶልኛል» ብሎ መስክሮልኝ፣ እኔም ሳልድን መስክሬ፣ ምስክርነታችን እንደ ሰንሰለት ተያይዞ አንዲት የ20 ዓመት ልጅ ፊት ላይ አረፈ። ነጋዴውን እጅጌውን አስሰብስበን ብብቱን አየነው። ቆዳው እንደ ወለደች ሴት ሆድ ተተርትሮ ነበር። ከሐኪም ውጪ የሚመክረው ሰው አላገኘም ያን ቀን። ሁላችንም «አለርት ሂድ» ብቻ አልነው። በጠረጴዛችን ታሪክ አምስታችን በአንድ ምክር የተስማማነው ያኔ ነው።

የእኔ ጭርት በሚዋጥ መድኃኒት በሁለት ወር ጠፋ። የልጅቱ ግን እንዲህ በቀላሉ አልሆነም። ሐኪሟ አስቀድማ ነግራታለች፤ «ከመሻሉ በፊት ይብሳል፤ አደራ እንዳትመለሺበት።» ባሰ። ፊቷ አብጦ፣ ነድዶ፣ ከሰው ተደብቃ ሳምንታት ቆየች። የሚዋጥ መድኃኒት ወሰደች፤ ፊቷ ላይ ከቫዝሊን በቀር ምንም አልነካችም፤ ጃንጥላ ሳትይዝ አትወጣም። አንድ ሴሚስተር አመለጣት። በስምንተኛው ወር አካባቢ ወደ ራሷ መልክ ተመለሰች፤ ጠይም፣ ሁለት ሦስት ብጉር ያለባት። ግራ ጉንጯ ላይ ያሉት ሁለት ቀጫጭን የደም ሥሮች ግን አሁንም አሉ። ሐኪሟ እነሱ ላይጠፉ ይችላሉ ብላለች።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ትቻለሁ። አንደኛ፣ ሰው ሳገኝ ስለ ፊቱ አላወራም። ስለ ትምህርቱ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ኑሮው እጠይቃለሁ፤ የሚወራ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ የቅባት ስም ለሚጠይቀኝ የታክሲ ስም እነግረዋለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል። «አንተ ደግሞ ለዚህች ለዚህች ሐኪም ቤት!» ይለኛል። ይበለኝ።

ባለፈው ሰሞን ከዩኒቨርሲቲው በር ስትወጣ አገኘኋት። ደብተሯን አቅፋለች፣ ነጠላ አልተከናነበችም። የምላት ጠፍቶኝ ቆምኩ። ይቅርታ ብዙ ጊዜ ጠይቄያታለሁ፤ በጠየቅኋት ቁጥር የምትሳቀቀው እሷ ስለሆነች ትቼዋለሁ። ዓይኔ ወደ ግራ ጉንጯ ሊሄድ ሲል መለስኩት። እሷ ግን ቀድማኝ እጅጌዬን አየች።

«ጋሼ፣ ክንድዎ ዳነልዎት?» አለችኝ።